የበረዶው ሳንቃና የአባቴ እርካብ

ታናሽ እህቴ ለትምህርት በረዶ አገር ከሄደች አራተኛ ወሯን ይዛ ነበር። አባታችን ደግሞ ለዓይናቸው ሕክምና ከገጠር፣ ከሮብ ገበያ መጥተው ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት ሰንብተዋል። ቅዳሜ ምሳ እንደበላን በቪዲዮ ደወለች። መደብር ውስጥ ቆማለች፤ ከኋላዋ ቀለማቸው የሚጮህ ሳንቃዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል።

ስኖውቦርድ ይሉታል። ሁለቱንም እግር አስረውበት ከተራራ ቁልቁል በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ሳንቃ ነው። የክፍሏ ልጆች በሚመጣው ሳምንት አብረሽን ነይ ብለዋታል። እስከዚያ ቀን ማንም የትም ነይ ብሏት አያውቅም። በደወለች ቁጥር «ደኅና ነኝ» ትላለች፣ ደኅና አለመሆኗን ግን ድምፅዋ ይነግረኛል። ያን ቀን ፊቷ በርቶ ነበር። እንድትሄድ እንዴት እንደጓጓሁ! እሷ ግን «አባባ ካልፈቀዱ አልሄድም» ብላ ድርቅ አለች። ይህችን ጨዋነቷን አንዳንዴ አልወዳትም።

«በረዶ ላይ ምን ትሠራለች?» አሉ አባቴ፣ ስልኩን ግንባራቸው ላይ ሊለጥፉት እየደረሱ። «በረዶ ገብስ እሚያጠፋ ነገር አይደል?»

ቢሆንም ምርጫው ሲጀመር አላስቻላቸውም። የፈረስ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአገሬው ኮርቻ ሲያማርጡ የኖሩ። ሳንቃው አገጯ ጋ መድረስ እንዳለበት ስትነግራቸው ቁመቷን በዓይናቸው ለኩ። ለጀማሪ ጠንካራው ሳይሆን ትንሽ የሚተጣጠፈው ይሻላል ስትላቸው ደስ አላቸው።

«እንዴታ! ለጀማሪ ገራም ነው እሚሰጥ።»

ቀጥሎ የትኛው እግሯ ከፊት እንደሚታሰር መታወቅ ነበረበት። ሻጩ ሳታስብ ከኋላዋ ገፋ እያደረገ የምታስቀድመውን እግር ሊያይ ሞክሯል፤ እሷ ግን አንዴ ቀኟን፣ አንዴ ግራዋን ታስቀድምበታለች። አባቴ ይሄ ነገር ሲገርማቸው ተነሥተው እኔን ከኋላ ገፉኝ። ልብስ የዘፈዘፍኩበት ሳፋ ውስጥ በግራ እግሬ ገባሁ። እህቴ እዚያ፣ አባቴ እዚህ ሳቁብኝ። እኔም እየተናደድኩ ሳቅሁ።

«የሷ ቀኝ ነው» አሉ ሳቃቸው ሲበርድ። «ትምህርት ቤት ስትሄድ ወንዙን ስትዘል ቀኟን ነበር እምታስቀድም። ማዶ እስክትደርስ ቆሜ አይ ነበር።»

ቆመው ያዩ እንደነበር ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

ሻጩ ማሰሪያዎቹን ቀኟን ከፊት አድርጎ ገጠመላት። ጫማዋን አስገብታ ጠፍሩን ስትስበው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ጠበቀ። የአባቴ ፊት ተለወጠ።

«ስትወድቂ ይለቅሻል?»

«አይለቅም፣ አባባ። ራሴ ካልፈታሁት አይለቅም።»

«እንግዲያው ይቅርብሽ።»

ለምን እንደሆነ ሁለታችንም ገባን። የአባቴ ታናሽ ወንድም በጥምቀት ጉግስ ላይ ሲወድቅ እግሩ እርካቡ ውስጥ እንደተያዘ ቀርቶ ፈረሱ እየጎተተው ሄደ። ሬሳውን ከፈረሱ የፈቱት አባቴ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰፊ እርካብ ገብቶ አያውቅም፤ አባቴ የሚጋልቡት በጥንቱ፣ አውራ ጣት ብቻ በሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። «ለብረት እምሰጠው አውራ ጣቴን ብቻ ነው» ይላሉ፤ እኛንም ያስተማሩን እንዲሁ ነው።

ልከራከራቸው አፌን ከፈትኩ። እህቴ አልተከራከረችም። «እሺ፣ አባባ» ብላ ጎንበስ አለችና ጠፍሩን መፍታት ጀመረች። ያቺ «እሺ» አንጀቴን በላችው። በሚመጣው ሳምንት ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ታየችኝ።

አባቴም እጇን እያዩ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «አንቺ ስትወድቂ እሱ የት ይሄዳል?»

«ማን?»

«ሳንቃው።»

እህቴ ቀና አለች። «የትም አይሄድም፣ አባባ። እግር የለውም እኮ። እኔ ስወድቅ አብሮኝ ይወድቃል።»

አባቴ የታመመ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ስልኩን አቀረቡት።

«ደንግጦ አይሮጥም?»

«አይሮጥም።»

«እስክትነሺ አብሮሽ ይተኛል?»

«አብሮኝ ይተኛል።»

ሳንቃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«እንግዲያውስ» አሉ አባቴ፣ «አጥብቀሽ እሰሪው።»