ከጀርሚስተን እስከ ብራምፎንቴይን፣ በወረቀት ኩባያ ጉዳይ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ጀርሚስተን

ሱቄን በቅዳሜ ቀን ዘግቼ ወጣሁ። ደንበኞቼ ይህን ቢያነቡ አያምኑም። ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ፣ ከዛሬ በፊት ቅዳሜ የዘጋሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ ልጄ ምሕረት የተወለደች ዕለት፣ ሌላው ሌቦች ሱቁን ባዶ ባደረጉት ማግስት።

የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ መንገዱን ሸፍኖታል። ዕድሜው የገፋ ሰው በእርጋታ መራመድ ይገባዋል ብዬ የማስተምር ሰው፣ ዛሬ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ እየዘለልኩ ነው።

ምሕረት ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ ጥናቷን ለሕዝብ ታቀርባለች። ጥናቱ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ልብ ወለዶች ውስጥ ስላለው የመደብ ልዩነትና የማኅበራዊ ለውጥ ጥያቄ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ነገር ግን እነዚያን መጻሕፍት ቤት ያስገባኋቸው እኔ ነኝ! አንድ ቤተ መጻሕፍት ሲዘጋ በካርቶን የተጣሉትን አነሣሁ፤ ገበያ በሌለበት ሰዓት ከሱቁ መስኮት ሥር፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በቀን ሁለት ሁለት ገጽ አነበብኳቸው። ያልገባኝን ምሕረት እየተረጎመችልኝ አደገች።

አንድ ነገር ግን ደስታዬን ይጎረብጠዋል። ከወር በፊት ሦስት ሽማግሌዎች ምሕረትን ለታምራት ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ታምራት ከጀፕ፣ ከሐበሾች ገበያ፣ ዕቃ በባኪ፣ በትንሽ የጭነት መኪናው፣ እየጫነ ለሱቆች የሚያደርስ፣ ቸርች የማይቀር፣ ሥራ የማይንቅ ልጅ ነው። መልሴን ለዛሬ ቀጥሬያለሁ። ምሕረት የለመነችኝ አንድ ነገር ነው፤ «አባዬ፣ መጀመሪያ ጥናቴን ስማ። ከዚያ የመሰለህን መልስ።»

ባለቤቴ አበበች በር ላይ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ።

«ምን ብለህ ልትመለስ ነው?»

«ስመለስ ትሰሚያለሽ።»

«ፊትህ ግን ሠርገኛ መስሏል።»

«ፊቴ እኔን ሳያማክር ነው!»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ታክሲ ውስጥ

ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ። ወደ መሐል ከተማ መሄዴ ነው ማለት ነው፤ ሚኒባሱ ፍሬን ይዞ ቆመ። ከጎኔ የተቀመጡት ጎጎ፣ እዚህ አገር አሮጊት እናት እንዲህ ነው የሚባሉት፣ ጭናቸው ላይ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ የሞላበት ባልዲ ይዘዋል። አንድ ሰጡኝ። ዘይቱ እጅጌዬ ላይ ጠብ አለ፤ ግድ አልሰጠኝም።

«ባባ፣ ሠርግ ነው?» አለ ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ።

«ልጄ በዩኒቨርሲቲ ልትናገር ነው!»

ታክሲው በሙሉ አጨበጨበልኝ። በዚህ ልቤ ሞቀና ካነበብኩት አንዱን ታሪክ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተረኩላቸው። አንድ ባለ ርስት ጌታ ሴት ልጁ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ወደደች ብሎ ከቤት ያባርራታል። በአደባባይ ግን ለድሆች መብት ንግግር የሚያደርግ ሰው ነው። በመጨረሻ አርባ ክፍል ባለው ቤት ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀንሶ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «ይበለው!» አለ።

ጎጎ ግን ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተስ ልጅ ድሃ ብታመጣብህ?»

«ድህነት ነውር አይደለም፣ ጎጎ» አልኩ በሙሉ ድምፅ።

«ጥሩ አባት ነህ» ብለው ሁለተኛ ሰጡኝ። በላሁት፤ እንደ መጀመሪያው አልጣመኝም። የታምራት ነገር የድህነት ጉዳይ እንዳልሆነ አውቃለሁና።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ጀፕ

ጀፕ ገና በጠዋቱ ይፈላል። ብርድ ልብስ በየደረጃው ተቆልሏል፣ የፕላስቲክ አበባ እስከ ጣሪያ ተሰቅሏል፣ ሴቶች ጭንቅላታቸው ላይ ጥቅል ተሸክመው ይጋፋሉ፣ ከሦስተኛ ፎቅ የጥብስ ሽታ ይወርዳል። ኑረዲን እዚያው ሦስተኛ ፎቅ የቤት ዕቃ በጅምላ ይሸጣል። የስልጤ ልጅ ነው፣ የሃያ ዓመት ወዳጄ፤ ለታምራት ሽማግሌ ሆነው ከመጡት ከሦስቱ አንዱ እሱ ነው። ከረባት ሊያውሰኝ ቃል ገብቶ ነበር።

«ጋሽ ላምቤቦ! በቅዳሜ? ሱቅህ ተቃጠለ እንዴ?»

«አፍህን በመልካም ክፈት!»

ሻይና ትኩስ ፉል አስቀረበልኝ። ከረባቱን አንገቴ ላይ እያሰረ፣ «የወረቀት ኩባያስ ልጨምርልህ?» አለኝ።

«የምን ኩባያ?»

«ባለፈው ወር ሁለት እሽግ የገዛኸኝን ነዋ። እኔው ሸጥኩልህ፣ እኔው ሽማግሌ ሆኜ መጥቼ ጠጣሁበት። ብርጭቆዎችህ ቡፌው ውስጥ ተደርድረው እያየኋቸው!»

«እንግዳ በዝቶብን ነው።»

«አራት ሰው?»

የፉሉን ሳህን ወደ ጎን ገፋሁት።

እውነቱን ልጻፈው። የታምራት አያቶች ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ሆሳዕና አጠገብ ባደግኩበት መንደር ሸክላ ሠሪ ከሰው ቤት አይገባም ነበር። ውኃ ቢጠማው ደጅ ላይ በኮባ ቅጠል ይሰጡታል። አንድ ቀን እናቴ አዝናለት በቅል አጠጣችው፤ አባቴ ሰውየው ዓይኑ እያየ ቅሉን ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠው። ያ ሰው በሠራው ድስት ነበር ማታ እራት የበላነው።

እኔ አህጉር አቋርጬ መጣሁ፣ ወንጌል አነበብኩ፣ በእንግሊዝ ጌቶች ላይ ፈረድኩ። ታምራት ሽማግሌዎቹን በባኪው ስላመጣቸው ደጅ ቁም አይባልም፤ ገባ፣ ወንበር ሰጠሁት። ብርጭቆዬን ግን በከንፈሩ እንዲነካው አልፈለግኩም። እሱን ብቻ ለይቼ እንዳላሳፍር ብዬ ለሁሉም የወረቀት ኩባያ አቀረብኩ። ይህን ያህል ብልሃት ለበጎ ነገር አውዬው ባውቅ ኖሮ!

ኑረዲን አልሰደበኝም። ከረባቱን ሳብ አድርጎ፣ «ሂድ፣ ልጅህን ስማ» አለኝ።

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት፤ ብራምፎንቴይን

በባቡር ሐዲዱ ላይ ያለውን ድልድይ በእግሬ ወደ ምሕረት ዩኒቨርሲቲ ተሻገርኩ። አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ሠላሳ ሰው ይሆናል። ምሕረት ልትናገር ተነሣች። ያቺ በሱቄ መደርደሪያ ሥር ፊደል የቆጠረች ልጅ!

በእነዚያ ልብ ወለዶች ውስጥ ስላሉት ትልልቅ ቤቶች ተናገረች። ቤቱ ሁለት ደረጃ አለው፤ አንዱ የጌቶች፣ አንዱ የሠራተኞች። «ለውጥ በሕግ ከመታወጁ በፊት በቤት ውስጥ ይፈተናል» አለች። «ሕጉን በአደባባይ የደገፈው ጌታ፣ ሠራተኛው በየትኛው በር ይግባ ሲባል ዝም ይላል። ስለ ድሆች ያለቀሰችው አንባቢም መጽሐፏን ዘግታ ሻይ እንዲመጣላት ደወል ትደውላለች።» ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም። ባታይም የከረባቱን ቋጠሮ አላላሁት።

ጥያቄ ሲጠየቅ እጄ ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም ማለት እችላለሁ።

«ጌታው ልቡን ለመለወጥ ስንት ገጽ ይፈጅበታል?» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ምሕረት ከንፈሯን ነክሳ፣ «አንዳንዱ ሦስት ቅጽ ይፈጅበታል፣ አባዬ» አለች።

«እኔ ያን ያህል ጊዜ የለኝም! ሱቅ ዘግቼ ነው የመጣሁት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ምን እንደገባቸው አላውቅም፤ ምሕረት ግን ገብቷት ፊቷን በወረቀቷ ሸፈነች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ጀርሚስተን

ታምራት በዩኒቨርሲቲው በር ላይ በባኪው ጠበቀን፤ ወደ አዳራሹ መግባት ፈርቶ ነበር። ሦስታችንም ከፊት ተጣበን ተቀመጥን። ስለ መልሱ እንዳይጠይቁኝ መዝሙር ጀመርኩ፤ ታምራት በሁለተኛ ድምፅ ገባ፤ ምሕረት በቀይ መብራት ላይ ዳሽቦርዱን ከበሮ አደረገችው። ከጎናችን የቆመ ባለ ታክሲ ጥሩንባውን እየነፋ አጀበን።

ቤት ስንደርስ አበበች፣ «ሻይ ላቅርብ?» አለች።

«አቅርቢ። በብርጭቆ።»

«በየትኛው?»

«ቡፌው ውስጥ ባሉት፣ ወርቃማ ጠርዝ ባላቸው።»

ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ የቡፌውን ቁልፍ ልታመጣ ሮጠች።

ታምራት ብርጭቆውን ሲቀበል ቆሜ ተናገርኩ። «ባለፈው ጊዜ የወረቀት ኩባያ ያቀረብኩት ባንተ ምክንያት ነው። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

«አውቄ ነበር፣ ጋሼ።»

«አውቀህ ለምን ጠጣህ?»

«ሻዩ ጥሩ ነበር።»

ምሕረት ሳቋን መያዝ አቃታት። «እንግዲያው ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አልኩት።

ብርጭቆው ከእጁ አመለጠ፤ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ እንክትክት አለ። ታምራት ፊቱ ጠቁሮ ስብርባሪውን ሊለቅም ተንበረከከ። ለእኔ ግን የታየኝ አባቴ የፈጠፈጠው ቅል፣ ደጅ ላይ ቆሞ የቀረው ያ ሰው ነው። እኔም ከልጁ አጠገብ ተንበርክኬ ለቀምኩ።

«አበበች» አልኩ ከወለሉ ሳልነሣ፣ «ለታምራት በሌላ ብርጭቆ ቅጂለት።»