በሎሚ የታጠበ እጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ሰው ባሮ ዳር ምሳ ጋብዤ ነበር። በልተን ስናበቃ አስተናጋጁ ለሁለት የተከፈለ ሎሚ በሳህን አቀረበልን። የዓሣ ጠረን ከእጅ የሚለቀው በሎሚ ሲታሽ እንደሆነ ጋምቤላ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ሎሚውን ገፋ አድርጌ በውሃ ብቻ ታጠብኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ የሎሚ ሽታ እጅ ላይ ሲሆን ያናድደኛል።

ያደግኩት በመምህራን ግቢ ነው። አባቴ የታሪክ አስተማሪ፣ እናቴ ነርስ፣ ሁለቱም ከደጋ ተመድበው የመጡ። በአንድ ረድፍ የተሠሩ የቆርቆሮ ቤቶች፣ መሀል ላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ከሥሩ የጋራ ቧንቧ። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው በሙቀቱ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ሁላችንም ወጥተን ጥላው ሥር እንሰበሰብ ነበር። አንዱ ቤት የተሠራ ወጥ ሌላው ቤት ይሸታል። ማን ምን እንደበላ መደበቅ አይቻልም።

ጓደኛዬ የዓሣ ሻጯ ልጅ ነበረች። አኙዋ ናቸው፣ ፕሮቴስታንቶች። እሷና እኔ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። እናቷ ጠዋት ጠዋት ከባሮ የወጣ ዓሣ በሳፋ ተሸክማ ትመጣና ማንጎው ሥር ታወርደዋለች፤ ግቢው ወንዝ ወንዝ ይላል። ሁዳዴ ሲገባ ሳፋዋ ይተልቃል። ግቢው በሙሉ በጾም ዓሣ ይበላ ስለነበር የልጇ ደብተርና ዩኒፎርም የሚወጣው ከዚያ ነው። ዓሣ ጾም ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለውን ክርክር አባቴ "ይበላል" ብሎ ከዘጋው ቆይቷል። በአባቴ ድምፅ ላይ ድምፅ የሚያነሳ ደግሞ አልነበረም።

ከዚያ ከደጋ አዲስ ምክትል ርእሰ መምህር መጡ። ዝምተኛ፣ በዚያ ሙቀት እንኳ የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ የማይፈቱ ሰው። የሁዳዴ መያዣ ሰሞን ጎረቤቱ አንድ ቤት ተሰብስቦ እንኳን ደህና መጡ ሲላቸው የዓሣ ወጥ ቀረበ። ምክትሉ ሳህኑን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ገፉና "በጾም አልለመድኩም" አሉ። ሌላ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

የቤቱ እመቤት ደንግጣ ወጡ ለልጆች የተሠራ ነው አለች። የሒሳብ አስተማሪው የጎረሰውን እንደምንም ውጦ፣ እሱም ቢሆን ሐኪም አዞት እንጂ ወዶ እንደማይበላ ተናገረ። አንዷ ጠረኑ ራሱ ጾመኛን ይፈትናል አለች። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ግን ከጾሙ ባለቤት በላይ የማያውቅ ሰው ጠፋ። ሁሉም ይናገርና ምክትሉን በዐይኑ ጥግ ያያል። በመጨረሻ አባቴ፣ ያ "ይበላል" ባዩ አባቴ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ "እንግዲያው ጾሙ እስኪፈታ ሴትየዋ ግቢ ባትገባ ይሻላል" አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ብቻ ወጡን ታይ ነበር። እሷ እንደ ዓሣ የምትወደው ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ልሄድ ስወጣ ዘበኛው ሴትየዋን በር ላይ አቁሟታል። ጾም ስለሆነ እንዳትገባ መታዘዙን ነገራት።

"ጾም አውቃለሁ" አለችው፣ ሳፋዋን ሳታወርድ። "ጾም ሲመጣ ነው እኔ ብዙ የማመጣው።"

ዘበኛው መሬት መሬቱን አየ። እሷ ግን በማግስቱም በሌላውም ቀን እየመጣች አጥሩ ሥር ተቀመጠች። የጋምቤላ ፀሐይ ዓሣን አይጠብቅም፤ እኩለ ቀን ላይ ዝንብ ይወርረዋል። የግቢው ሰው ብቻውን ሲያልፍ ሰላም ይላታል፣ ሁለት ሆኖ ሲያልፍ ግን ፊቱን ያዞራል። የሚጠላት ሰው አልነበረም። ዛሬ ድረስ አንጀቴን የሚያሳርረው እሱ ነው።

ጓደኛዬ ምክንያቱን በራሷ መንገድ ደረሰችበት። ጠረኑ ነው አለች። ከዚያ ጀምሮ ትምህርት ቤት የምትመጣው እጇን እስከ ክርኗ በሎሚ አሽታ ሆነ። ዴስካችን ላይ ሳትቀመጥ መዳፏን አፍንጫዬ ላይ ታደርግና "ይሸታል?" ትለኛለች። አይሸትም እላታለሁ። ጠረኑ አይደለም፣ ጾም ሆኖ ነው ብላትም "ድሮም ጾም ነበረ" አለችኝ። እውነቷን ነው።

የምሳ እንግዳዬ ምክትሉ ነበሩ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ የምትሠራ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው አውሮፕላን ማረፊያ አገኘኋቸው። ጾም አይደለም ብዬ ለሁለታችንም ዓሣ አዘዝኩ። ሳህኑን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ገፉት።

"አትቀየሚኝ ልጄ" አሉ። "ዓሣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ አይቀበለውም። ያኔም ሰው ቤት ገብቼ አልበላም ማለት ነውር ሆኖብኝ በጾሙ አመካኘሁ። ኋላማ ግቢያችሁ እንዴት አጥባቂ እንደሆነ ሳይ ፈርቼ የጠዋት ሻዬንም ተውኩት።"

ሳቅ መጣብኝ፤ መሳቅ ግን አልቻልኩም። ስለ ሴትየዋም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ገና ድሮ የረሷት፣ ምናልባትም ጭራሽ ያላዩዋት ሴት ናት። አባቴ በሕይወት የለም። ቢኖርና ብጠይቀው የሚመልስልኝን አውቃለሁ፤ "ታዲያ ሰው ምን ይለን ነበር?" ነው የሚለኝ። እኛ እሳቸውን ስንፈራ፣ እሳቸው እኛን ሲፈሩ፣ እግዚአብሔርን የፈራ አልነበረም።

ያኔ ጾሙ ሳይፈታ እናትና ልጅ ወደ ፑኝዶ ሄዱ። እዚያ የስደተኞች ካምፕ አጠገብ ገበያ አለ፣ ዓሣም ይገዛል ተብሎ ነው። ትምህርቷን እዚያ ትቀጥላለች አሉኝ፤ መቀጠሏን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሊሄዱ ሲሉ ሮጬ ደረስኩ። ጓደኛዬ አይሱዙው ላይ፣ ጭነቱ አናት ተቀምጣ ባዶውን ሳፋ ጉልበቷ ላይ ይዛለች። አየችኝና ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ታች ዘረጋችልኝ። ሎሚው ጣቶቿን ሰነጣጥቋቸው ነበር።

"ይሸታል?" አለችኝ።

እጇን በሁለት እጄ ይዤ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። "አይሸትም" አልኳት።

መኪናው ሄደ። እስከ ማታ ድረስ እጄ ሎሚ ሎሚ ይል ነበር።