የነፍስ አባቴ ግዝት

እኔ የሴቶች እድራችን ዳኛ ነኝ። የቀድሞዋ ዳኛ ሲደክማት ሴቶቹ "ይቺ ጯሂ ትሁን" ብለው መረጡኝ። ጯሂ ነኝ፣ አልክድም። ባሌ በሕይወት ሳለ "አንቺ ዝም ያልሽ ቀን ሐኪም እጠራለሁ" ይለኝ ነበር። የእድር ሥራ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ድንኳን መትከል፣ ንፍሮ መቀቀል፣ ሐዘንተኛ ማጽናናት። ጎንደር ውስጥ በዚህ ሰሞን ይህ ሥራ በዝቶብናል። ተኩሱም፣ እገታውም፣ በሽታውም ተባብረው ድንኳናችንን አላሳርፍ ብለውታል።

ያን ጊዜ የቀበርናት ልጅ ግን ጥይት አልነካትም። ድብ ባሕር ከሚባል ገጠር ተድራ የመጣች ሳቂታ ልጅ ነበረች፤ ከእድራችን አባላት ሁሉ ትንሿ። ምጥ የያዛት ከመሸ ነው። ከመሸ ባጃጅ መንቀሳቀስ ለጸጥታ ተብሎ ተከልክሏል። ባሏ ባጃጅ ያለውን ጎረቤት ለመነ፤ ጎረቤቱ "ይተኩሱብኛል" አለ፤ እውነቱን ነው፣ አልፈርድበትም። አምቡላንስ ቢጠራ አልመጣም። በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲወጡ ኬላ ላይ አቆሟቸው፤ ማን እንደሆኑ ጠየቁ፣ ብርድ ልብሱን ገልጠው ፈተሹ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ደሟ አልቆ ነበር። ሕፃኑም አልተረፈ።

በሠልስቷ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ደሜ ፈላ።

"እኛ የምናውቀው ድንኳን መትከል ብቻ ነው?" አልኩ ጮክ ብዬ። "ሌላዋ ስትሞትም ንፍሮ ልንቀቅል ነው? ወጥተን እንጠይቅ እንጂ! ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ ትለፍ ማለት ምን ነውር አለው?"

አንዷ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ብላ ጀመረች።

"ኧረ ወዲያ! ንጉሥ የት አየሽ? ያለው ቢሮ ነው።"

ሳቁ። ለቅሶ ቤት መሳቃቸው ደግሞ አሳፈራቸውና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። ግን ተስማሙ። ሐሙስ ጧት ከቤተ ክርስቲያናችን በር ተነሥተን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ያለ ጩኸት ፒያሳ ድረስ እንሄዳለን። እዚያ ጥያቄያችንን ከወረቀት አንብበን ወደየቤታችን እንመለሳለን። ሰልፋችን ይኸው ነው።

ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ ስለወጣሁ ሕጉን አውቀዋለሁ። ሰላማዊ ሰልፍ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ያሳውቃል እንጂ ፈቃድ አይለምንም። የማሳወቂያውን ደብዳቤ ጽፌ ሄድኩ። የተቀበለኝ ኃላፊ ወጣት ነው፣ ትሑት፤ ወንበር ሁሉ ሳበልኝ።

"እናቴ፣ አልተፈቀደም" አለኝ።

"ፈቃድ መቼ ጠየቅሁህ የኔ ልጅ? እያሳወቅሁህ ነው።"

"ጊዜው ጥሩ አይደለም እናቴ።"

"ለመውለድም ጥሩ አይደለም። ምጥ ግን ጊዜ አይመርጥም።"

ተነሥቶ መዝገብ ቤት ድረስ ሸኘኝ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና ደብዳቤውን አልቀበልም አለች። ጠረጴዛዋ ላይ ጥዬው ወጣሁ። ከዚያ ፖሊስ ይመጣል ብዬ ቤቴን አጽድቼ፣ ልብሴን ቀይሬ ጠበቅሁ። የመጡት ግን የነፍስ አባቴ ናቸው።

የነፍስ አባቴ የጃናሞራ ሰው ናቸው። ከመካነ ብርሃን ወዲያ ካለ አገር ለቤተ ክህነት ትምህርት መጥተው እዚሁ ጎንደር የቀሩ ቄስ። ካገባሁ ጀምሮ ኃጢአቴን የሰሙ፣ ልጆቼን ያጠመቁ፣ ለባሌ ፍትሐት ያደረሱ እሳቸው ናቸው። በየወሩ ቤቴን ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ። ያን ዕለት ያለ ቀናቸው፣ ያለ ጠበል መጡ። ጠላ ባቀርብ "ይቆየኝ" አሉ። ያኔ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"ሰዎች መጥተው አነጋገሩኝ" አሉ።

"የትኞቹ ሰዎች?"

"ተይው። ምነው ልጄ? በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ሲባል አልሰማሽም?"

"ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባልም ሰምቻለሁ።"

እንዲህ ስመልስላቸው ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። ያን ዕለት አልሳቁም።

"ስንት ሸጋ ሸጋ ልጅ በዚህ እጄ ቀበርኩ?" አሉ። "ያንቺን ፍትሐት ማድረስ አልችልም። ቅሪ።"

"አባቴ፣ ሰልፍ ነው እንጂ ጦርነት አይደለም። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ነን።"

"ጥይት ነጠላ አይቶ ይመለሳል?"

"አልቀርም።"

ተነሡ። መስቀላቸውን አወጡ። "እንግዲያስ በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቼሻለሁ! እግርሽ ሰልፍ ላይ እንዳይቆም!"

እዚህ ያላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። እኛ ቤት ግዝት የጣሰ ሰው ቆራቢ አይሆንም፤ ቢሞትም እንደ ሰው አይቀበርም እየተባለ ነው ያደግነው። የገዘተው ካህን ካላነሣው ሌላ አያነሣውም። ሲወጡ በሩን ከኋላቸው ድርግም አድርጌ ዘጋሁት፤ ያንን በር በሳቸው ላይ እንዲያ ዘግቼ አላውቅም። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ። መብቴን የሚነጥቀኝ ሰው ሲታሰበኝ ሁልጊዜ የሚታየኝ ዱላ የያዘ ነበር። እነዚያ ሰዎች ግን ማንንም ሳይመቱ፣ የምወዳቸውን አባቴን ልከው ከቤቴ አስቀሩኝ። የሰውን ፍቅር እንዲህ መጠቀም ምን ዓይነት ክፋት ነው?

ሐሙስ ጧት ሴቶቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይዘውኝ ሊሄዱ ደጄ ተሰበሰቡ። መገዘቴን ሲሰሙ "ያላንቺማ ማን ይመራናል?" አሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ቤታቸው መመለስ ጀመሩ። ልማጸናቸው አፌን ስከፍት የነፍስ አባቴ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ኪዳን አድርሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ አየሁ።

"ወረቀቱን አምጪ" አሉኝ።

"የቱን ወረቀት?"

"የምታነቡትን። ላነበው ነው።" ወደ ሴቶቹ ዞር አሉ። "ያቺን ልጅ ከነሕፃኗ የቀበርኳት እኔ ነኝ። ቆሜ ስጸልይ አድሬ አፈርኩ።"

"አባቴ፣ እርስዎ ከወጡማ የእኔንም ግዝት ያንሡልኝና አብረን..."

"አንቺ ቅሪ ብያለሁ! የተገዘትሽው አንቺ ነሽ፤ እኔን የገዘተኝ የለም።"

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ከፊት ሆነው ሄዱ። ወደ ቤታቸው መሄድ የጀመሩትም ተመልሰው ተከተሏቸው። እኔ በሬን ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ውርደት ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ሰልፉን ያሰብኩ እኔ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩ እኔ፣ ቤት ጠባቂዋ እኔ!

የሆነውን የነገሩኝ ሴቶቹ ናቸው። ፒያሳ ሳይደርሱ ፖሊሶች መንገዱን ዘግተው "አስተባባሪው ማነው?" ብለው ጠየቁ። የነፍስ አባቴ "እኔ ነኝ" አሉ፤ ወረቀቱንም ዘርግተው ማንበብ ጀመሩ። ግማሹን ሳያደርሱ ፒክአፕ ላይ ጫኗቸው። ድንጋይ የወረወረ የለም፣ የጮኸም የለም። ሲጭኗቸው ጥምጥማቸው ወደቀ። አንዷ አንሥታ ይዛልኝ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ማናችንም ልንጠቀልለው አልደፈርንም፤ እንደተፈታ ተቀመጠ።

"ለማጣራት ነው" ተባለ። ማጣራቱ ግን አላልቅ አለ። በሳምንቱ ሴቶቹ እንደገና ግቢዬ መጡ። "በመጪው ሐሙስ ድጋሚ እንውጣ" አሉ። "የባጃጁንም ጥያቄ እንጠይቅ፣ አባታችንንም ይልቀቁልን እንበል።" ደስ አለኝ። ፈርተው የሚቀሩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን ሁሉም እኔን ማየት ጀመሩ።

"ግዝት አለብኝ" አልኳቸው።

"እንግዲያስ ሂጂና አስነሺ።"

ጾም ስለነበር ሽሮ ሠርቼ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። በር ላይ ያለው ፖሊስ "መጀመሪያ አንቺ ቅመሽው" አለኝ፤ ቀመስኩለት። ከሽቦ አጥሩ ወዲያ የነፍስ አባቴ መጡ። ራሳቸውን ሳይጠመጥሙ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጠጉራቸው ሳስቶ፣ አንገታቸው ቀጥኖ፣ ሌላ ሽማግሌ መሰሉኝ። እንባዬ መጣ።

"ምነው ታለቅሻለሽ? ሸጋ ነኝ" አሉኝ። "እዚህ ያሉት ልጆች ዳዊት ድገሙልን ይሉኛል፤ ሥራ አልፈታሁም።"

ፖሊሱ ስልኩን እያየ ራቅ ብሎ ቆሟል። ወደ ሽቦው ተጠጋሁ።

"አባቴ፣ ሴቶቹ ሐሙስ ሊወጡ ነው። ግዝቱን ያንሡልኝ።"

እምቢ ይሉኛል ብዬ ለክርክር ተዘጋጀሁ፤ የምላቸውን ሁሉ በልቤ ደርድሬ ነበር የሄድኩት።

"ስገዝትሽ ከፍርሃቴ ነው" አሉ። "ፈጣሪ ያዘዘኝ አልነበረም። የሱን ስም ለፍርሃቴ ተጠቀምኩበት፤ ለዚህም ንስሐ ገብቻለሁ።" መስቀላቸውን ወስደውባቸዋል። በጣታቸው በሽቦው መካከል አማተቡብኝ። "አንስቼልሻለሁ። ከእንግዲህ ብትቀሪም በራስሽ ነው።"

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም። ለካ ያን ሁሉ ቀን "ተገዝቼ ነው እንጂ" እያልኩ ስቆጣ ከቁጣዬ ሥር ፍርሃት ተኝቶ ኖሯል። ፒክአፑን ፈራሁ፣ ዱላውን ፈራሁ፣ በስተርጅና መሬት ላይ ተኝቶ ማደሩን ፈራሁ። ሰው ፈርታ ቀረች አይለኝም ነበር። ተገዝታ ቀረች ነበር የሚለኝ። ያ መጠለያ አሁን ተነሣ።

ቤቴ እስክደርስ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው ይዞኝ የሄደው። የተባባልነውን የሰማ የለም። "እምቢ አሉኝ" ብል ማንም አይጠረጥረኝም። እሳቸውም ቢሆኑ በልባቸው ያዝኑብኛል እንጂ አያጋልጡኝም። ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እንዲያውም ፊቴን እንዴት እንደማደርገው ሳይቀር አስቤያለሁ።

ሴቶቹ ግቢዬ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ወሯ የገባ አንዲት ልጅ ወገቧን ይዛ ግድግዳዬን ተደግፋለች። እኔን ስታይ ለመነሣት ሞከረች።

"ምን አሉሽ?" አሉኝ።

የልጅቷን ሆድ አየሁ።

"አንስተውልኛል" አልኳቸው። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። "ሐሙስ የማነበው እኔ ነኝ።"