ብርድ ልብሱን ያወረድንበት ቀን

ነገሩ የሆነው አምና፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረውና ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብብን ነው። እስከ ዛሬ "ደግ አደረጋችሁ" የሚለኝ ሰው አለ። እንዲህ የሚለኝን ሰው ዓይኑን ማየት አልወድም።

እኔ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ሰይድ ይዘፍናል፣ ጌትዬ ከበሮ ይመታል። የሠርግ ባንድ ነን። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ይጠሩናል፤ የልምምድ ቦታ ግን የለንም። ስለዚህ የምንለማመደው ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ወላጆቼ በተዉልኝ ቤት ሳሎን ነው።

ከቆርቆሮ አጥሩ ማዶ እትዬ ዘሃራ ይኖራሉ። ባላቸው ሞተዋል። ትልቋ ልጃቸው መሪማ ውጫሌ አግብታለች፤ ትንሿ ፋጤ ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እትዬ ዘሃራ ራስ ምታት አለባቸው። ለእሳቸው ብለን በሩንና መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን፤ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ፍራሽ አቆምን። ጌትዬ ከበሮውን አስቀምጦ ጭድ የሞላ ጆንያ ይደልቃል። ሰይድ የሠርግ ዘፈን እንደ በሽተኛ ያቃስታል። ድምፅ ካመለጠን እትዬ ዘሃራ አጥሩን በዱላ ኳ ያደርጋሉ፤ እኛም ጸጥ ነው።

ያን ዕለት ከአስር ሰዓት በኋላ ልምምድ እንደጀመርን በሩ ተንኳኳ። የሰፈራችን ሽማግሌ አባ ይመር ናቸው። ከኋላቸው መሪማን ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ቆመዋል። አባ ይመር በሩን ዘጉና በሹክሹክታ ነገሩን። ፋጤ ሞታለች። ከሳዑዲ የተደወለው ለመሪማ ባል ነው።

"መርዶው ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው። ዘመዱ እስኪሟላ እዚህ ይሰባሰብ። ዘሃራ እንዳትሰማ! ዛሬ ብትሰማ ሌሊቱን ምን ይውጣታል?" አሉ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው። ወገን ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በአንድ ላይ ተገብቶ ይነገራል። እስከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እናት ብቻ ናት።

መሪማን ጓዳ አስገቧት። ለጥቂት ጊዜ ቻለችው። ከዚያ ግን ልቅሶው አፈናት፣ አፈናትና ወጣ። አባ ይመር አጥሩን አዩ። ቀጥሎ እኛን አዩ።

"ብርድ ልብሱን አውርዱና ተጫወቱ" አሉ።

"ምን አሉ አባ?"

"ድምፁን ልቀቁት! የልጅቱ ልቅሶ እንዳይሰማ።"

ሰይድ ከፋጤ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማረው። "ወላሂ አልችልም አባ" አለ።

"ትችላለህ። ዛሬ ብታውቅና አንድ ነገር ብትሆን ከአንተ ራስ አልወርድም።"

ብርድ ልብሱን አወረድን። ሞንታርቦውን ሰካን። ጌትዬ እውነተኛውን ከበሮ አንጠለጠለ። በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደልባችን ተጫወትን። የመሪማ ድምፅ ጠፋ። ልቅሶዋ ከፍ ባለ ቁጥር አባ ይመር ዱላቸውን ወደ እኔ እያወዛወዙ "ጨምር!" ይላሉ።

የአጥሩን ኳኳታ ጠበቅሁ። ተቆጥተው በገላገሉን ብዬ ዱዓ አደረግሁ። የመጣው ግን እልልታ ነው። በመስኮቱ ስመለከት እትዬ ዘሃራ ድንጋይ ላይ ቆመው ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አውጥተዋል።

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጆች! ይህን እያላችሁ ነው ስታንሾካሹኩብኝ የከረማችሁት? ለፋጤ ሠርግ ይሄንኑ ነው የምትሉልኝ! ሰይዶ፣ በል ግጥም ልስጥህ፣ ተቀበለኝ!"

እናት ግጥም ስትሰጥ አልቀበልም የሚል ዘፋኝ የለም። ዝም ቢል ያውቁበታል። እሳቸው እያጨበጨቡ ሰጡት፦

"መንገዱን ጥረጉት አቧራ እንዳይነካት፣
ፋጤ ልትመጣ ነው እንሶስላ አሙቋት።"

ሰይድ አባ ይመርን አየ። ሽማግሌው "ተቀበላት" በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰይድ ዘፈነው። "ድገመው!" አሉት። ደገመው። ጓዳ ውስጥ መሪማ የእናቷን ግጥም ሰማች፤ አንዷ ሴት ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ስትወትፍባት በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ጣቶቼ አንዴም አልሳቱም። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ንጋት ላይ ተሰብስበው ገቡ። የሆነውን ጩኸት አልጽፈውም።

ረፋዱ ላይ እትዬ ዘሃራ አስጠሩኝ። መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል።

"ታውቅ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ እትዬ።"

"ሰይዶም? ያንን ግጥም ሲቀበለኝ?"

አባ ይመር ከጎን ሆነው "ለአንቺው ብለን ነው ዘሃራ። አንድ ሌሊት እንኳ በሰላም ተኛሽ" አሉ።

"አዎ" አሉ እትዬ ዘሃራ። "በልጄ ሬሳ ላይ እልል ብዬ ተኛሁ።" ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ብርድ ልብሶቹ ተመልሰው ተሰቀሉ። ሰይድ ከእኔ ቤት መዝፈን አቃተውና አሁን ውጫሌ ከሌላ ባንድ ጋር ነው። አጥሩን በዱላ የሚመታውም ጠፋ።

በቅርቡ ከአዲሱ ዘፋኝ ጋር ስንለማመድ ነፋስ በሩን በረገደውና ድምፁ ወጣ። ቁጣቸውን ጠበቅሁ። እትዬ ዘሃራ ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ነጠላቸውን ለለቅሶ አደግድገዋል።

"የማን መርዶ ነው?" አሉኝ። "መሪማ ናት? ንገረኝ፤ ነገ አትበለኝ፣ አሁኑኑ ንገረኝ።"

ልምምድ ነው ብል፣ በአላህ ስም ብምል አላመኑኝም። ለመሪማ ደውዬ ድምጿን ካሰማኋቸው በኋላ ነው እግራቸው የተነሣው።

ከዚያ ወዲህ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት ስልኩን ይዤ ወደ እሳቸው ግቢ እሄዳለሁ። ከልጃቸው ጋር ጥቂት ያወራሉ፤ ከዚያ ስልኩን ይመልሱልኝና "በሉ ተጫወቱ" ይሉኛል። ቂም እንኳ አልያዙብኝም። ለዚህ ያበቃቸውን ሽማግሌ ግን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም አልለውም፤ አንቱታዬንም አንስቻለሁ።