መጨረሻውን ያላየሁት ድራማ

ትናንት ከሰዓት ምስር ስለቅም ልጄ ሐያት ስልኳ ላይ ድራማ ታያለች። አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ወንድና ሴት ለሹመት ይፎካከራሉ፤ ሲፎካከሩ ይዋደዳሉ። እሱ ሽማግሌ ቢልክ እሷ እምቢ አለች።

«እሑድ ጓደኛዬ ሽማግሌ ሲልክ እኔም እንደዚች እምቢ ነው የምለው» አለችኝ።

«ትወጂው የለም እንዴ?»

«እወደዋለሁ። ግን ትንሽ ይልፋ።»

ምስሩን ትቼ ቀና ብዬ አየኋት።

እኔም በእሷ ዕድሜ መርሳ ከተማ ሳለሁ ድራማ ይዞኝ ነበር። ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ብቻ ስለነበሩ፣ እሳቸው ቤት ተጠጋግተን ነው የምናየው። ፊት ለፊት ሱቅ የከፈቱ ወንድና ሴት ደንበኛ ይነጣጠቃሉ። እሱ ሽማግሌ ይልካል፣ እሷ እምቢ ትላለች፣ እሱ ደግሞ ይልካል። ደስ ሲለኝ!

እኔና እንደኔው ማንጎ የሚሸጠው ሰይድም እንደዚያው ነበርን። በማንጎ ወራት ከወልድያ የመጣ አውቶብስ ሲቆም፣ በዚያ በሚያቃጥል አስፋልት ሳፋችንን ይዘን ወደ መስኮቱ እንሽቀዳደማለን።

«የኔን ቅመሱ፣ የሷ ጥሬ ነው» ይላል።

«የሱን የበላ ውጫሌ ሳይደርስ ሆዱን ይይዛል» እላለሁ።

ተሳፋሪው ይስቃል። አውቶብሱ ሲሄድ ሰይድ ከተረፈው ትልቁን ማንጎ ሳፋዬ ላይ ጣል አድርጎ ያልፋል። አንድም ቀን አላመሰገንኩትም።

ሽማግሌ ላከ። በእኛ አገር ልጅቱ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ እሺ ማለት ነው። እኔ ቀና ብዬ «እምቢ» አልኩ። ደግሞ ይልካል ብዬ ነው። አባቴ ያልኩትን እንዳለ ለሽማግሌዎቹ ነገሯቸው። የሰይድ አባት ተናቅን ብለው ደጃችንን ዳግም አልረገጡም። ሰይድም ማንጎውን ትቶ ሲሪንቃ የሚባል አገር ሄዶ ሥራ ገባ።

በወሩ ከሐራ ከተማ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች መጡ። ቀና ልል ስል አባቴ «አንዴ ሰምቼሻለሁ፤ ሁለተኛ አታዋርጂኝ» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ተድሬ የገባሁበት ቤት ቴሌቪዥን አልነበረውም። ያ ድራማ በምን እንዳለቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ምነው እማ?» አለች ሐያት።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አባቷ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። ደግ ሰው ነው፣ ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ሰይድን ካነሳሁ እሱን ምን ማለቴ ነው?

«ሲጠይቁሽ አንገትሽን ድፊ» አልኳት። ድምፄ የአባቴን ድምፅ መሰለኝ። እሷም ድራማውን አቆመች፤ እሺም እምቢም አላለችኝ።

የቀረውን ልንገራት ብል እስከ እሑድ ሦስት ቀን አለኝ። ቤታችን ግን ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ጋ የተነገረ ሌላው ጋ ይሰማል።