ወንበሯን ያዞረችው ጥርስ ሠሪ

«ነጋ ብዬ ወጣሁ፣ ደጄን ሳልዘጋ፣
ጨረቃ ናት ለካ…»

ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቀውም። ጥርስ ሠሪዋ ይችን አንድ ስንኝ ተኩል ከልጅነቷ ጀምሮ ስታንጎራጉር ኖራለች። «ለካ» ላይ ስትደርስ ድምጿ ሣር እንደበላው መንገድ ይቀጥንና «እምም… እምም…» ብላ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች። ሰም ስታቀልጥ ይችው ዘፈን ናት፣ ጄሶ ስታቦካም ይችው ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ግማሽ» የሚል ስም ያወጡላት አንድም በዚህ ነው። ዘፈኗ ግማሽ፣ ሻይዋ ግማሽ፣ ወሬዋ ግማሽ። ጠጥታ ያልጨረሰችው ብርጭቆ በማግስቱ ከጄሶው ከረጢት ጀርባ ይገኛል፤ የጀመረችው ወሬ ግን እስከ ወዲያኛው አይገኝም።

የምትሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ሐኪሞች የሰዉን የድድ ልኬት በሳጥን በሳጥን አድርገው ይልካሉ። እዚህ በጄሶ ይገለበጣል፣ ጥርሱ አንድ በአንድ ሰም ላይ ይደረደራል፣ ድዱ በሮዝ ፕላስቲክ ይሠራል፣ ይለሰልሳል፣ ይወጣል። ለመደርደር እሷን የሚያህል የለም። ሌላው ሰው ጥርስን እንደ ወታደር ያሰልፋል። እሷ ግን አንዷን ጥርስ ትንሽ ዘንበል፣ ሌላዋን ትንሽ ገባ ታደርግና እግዜር ራሱ የሰጠው ታስመስለዋለች። «ጥርስ መደርደር የሰውን ሳቅ መገመት ነው» ትላለች፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ብቻ ሁልጊዜ ትጨርሳታለች።

ችግሩ ከእጇ አልነበረም። ሠራተኞቹ ትልቁን ጠረጴዛ ከበው ፊት ለፊት ተፋጠው ነው የሚሠሩት። ግድግዳው ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ ከዚያች መስኮት ተቀባይዋ አንገቷን ብቅ አድርጋ «የላይኛው ተሰንጥቋል! አስቸኳይ!» እያለች ትጮኻለች። ሌሎቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው የያዙትን ይቀጥላሉ። ጥርስ ሠሪዋ ግን የያዘችውን ጥላ ትነሳለች። የሰው ሁሉ ጥሪ የእሷ ጥሪ ነው። በር ሲንኳኳ ቀልቧ በሩ ጋ፣ ስልክ ሲጮህ ስልኩ ጋ፣ ወፍ ስትጮህ ዛፉ ላይ። ከፊቷ ወደተደረደሩት ክፍት ሳጥኖች ስትመለስ የቱ ጋ እንደነበረች እጇም አያውቅ፣ ልቧም አያውቅ።

እንዲህ እያለች ነው አንድ ቀን የሁለት ሰው ጥርስ ያቀያየረችው። የአንዱን የላይኛውን ከሌላው የታችኛው ጋር ከታ ላከችው። ባለጥርሱ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ በማግስቱ አፋቸው እየተንቀጫቀጨ መጡ።

«ልጄ» አሉ በእርጋታ፣ «ይኼ የላይኛው የኔ አይደለም። ባለቤቱን ፈልጉለት፤ እሱም ሰው ነው፣ ይርበዋል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ከፍርሃቷ የተነሳ ሳቀች። ያልሳቀው የወርክሾፑ ባለቤት ብቻ ነበር። «ጋሼ» ነው የሚሉት፤ ሙያውን ከፊደሉ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው። ሰዉ ሲበተን ጠብቆ ጠራትና ድምጹን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እጅሽ ወርቅ ነው። ቀልብሽ የት እንደሚውል ግን እኔም አላውቅ። አንድ ጊዜ ከደገምሽው ወንበርሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ከልብስ ስፌት ተባራለች፣ ከመድኃኒት መደብር ተባራለች፣ ከሆቴል እንግዳ መቀበያ ተባራለች። እዚህ ብቻ ነው ወንበር ያሞቀችው። ከጥርስ በቀር የምትወደው ሥራ፣ ከዚያች ወንበር በቀር «የኔ» የምትለው ቦታ በዚህ ዓለም አልነበራትም።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ነገር የማያበዛ። በዚያው ሳምንት እራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዛሬ በሬዲዮ አንቺን ሲያወሩሽ ሰማሁ።»

«እኔን?»

«ስምሽን አልጠሩም እንጂ አንቺን ነው። አንድ ሐኪም ነው። ትልቅ ሰው ሆኖ የቧንቧ ውሃ ከፍቶ የሚረሳ፣ ጀምሮ የማይጨርስ፣ ቁልፉን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ…»

«ቁልፉን ፍሪጅ ያስገባሁት አንድ ቀን ነው!»

«ሁለት። ሁለተኛውን አግኝቼው ዝም ብዬ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የሚመረመር ነገር ነው አሉ» አለ። «ስንፍና አይደለም አሉ። እኔማ ድሮም አውቄዋለሁ።»

የመንግሥት ሆስፒታሉ ወረፋ ዛሬ ተመዝግቦ በከርሞ የሚደርስ ሆነ። ወንበሯ ደግሞ እስከ ከርሞ አይጠብቃትም። ለሶፋ መግዣ ያስቀመጧትን ገንዘብ ይዘው ወደ ግል ክሊኒክ ሄዱ፤ አሮጌው ሶፋ አንድ ዓመት ይክረም ተባለ። ክሊኒኩ ከመነጽር ቤት በላይ፣ ጠባብ ደረጃ የሚወጣበት ሁለት ክፍል ነው። ሐኪሟ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ ሲያዳምጡ እስክሪብቶ የማያነሱ ሴት ናቸው። ብዙ ጠየቋት፤ በመጨረሻም «ይኼ ነገር ከልጅነት የሚጀምር ነውና፣ ልጅነትሽን የሚያውቅ ሰው ይዘሽልኝ ነይ» አሏት።

እናቷ አፈር ከለበሰች ቆይታለች። የቀረችው ታላቅ እህቷ ናት፤ ያሳደገቻት፣ የተቆጣቻት፣ እስከ ዛሬም ስትደውል «ምድጃውን አጥፍተሻል?» ሳትል ሰላም የማትል እትዬ።

«እብድ ነሽ ለመባል ነው ገንዘብ የምትከፍይው?» አለች እትዬ በስልክ። «እኔ በነጻ ስልሽ አልኖርኩም?»

ቢሆንም መጣች። የክት ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ምስክር ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ እህቴ ምንም የላትም። ጤነኛ ናት። ትንሽ ቀልቧ ይበናል እንጂ።»

«እንዴት ነው የሚበነው?»

«እንዴት ነው?» እትዬ ሳታስበው ፈገግ አለች። «ጨው አምጪ ብዬ ጎረቤት እልካታለሁ። ወጡ ተንተክትኮ ተንተክትኮ ሊያልቅ ነው፣ እሷ የለችም። ፍለጋ ብወጣ፣ የማታውቀው ብስክሌት ጠጋኝ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ ሆኖ ጎማ ይዛለታለች። ‹ጨውስ?› ብላት ‹የቱ ጨው?›» ሦስቱም ሳቁ። እትዬ ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ አጣች። በአንድ እግር ጫማ ከትምህርት ቤት የተመለሰችበት፣ ፈተናውን ጨርሳ ስሟን ሳትጽፍ የወጣችበት፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ለዝላይ ፈታ ልብሱን መሬት ላይ ዘርግታ የሄደችበት። ለአርባ ዓመት ክስ የነበረው ሁሉ በዚያች ክፍል ውስጥ ምስክርነት ሆነ።

ሐኪሟ «ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሌላ ሰው ነበር?» ሲሉ እትዬ ቆጣ አለች። «የለም። እኛ ቤት እንዲህ ያለ…»

ቦርሳዋን አጥብቆ የያዘው እጇ ላላ።

«እናታችን» አለች ቀስ ብላ። «እናታችን ቁጭ ብላ ስትበላ አይቼ አላውቅም። ትጎርስና ውሃ ልታመጣ ትነሳለች። ውሃውን ትረሳና መጥረጊያ ይዛ ትመለሳለች። ምግቧ ይቀዘቅዛል። ሰው ‹ታታሪ ናት› ይላት ነበር። እኔም ታታሪ ናት ነበር የምለው።»

ጥርስ ሠሪዋ የወንበሯን ጠርዝ ይዛ ዘንበል አለች። «እትዬ፣ ያ የእማዬ ዘፈን… ‹ነጋ ብዬ ወጣሁ›… መጨረሻው እንዴት ነበር?»

«መጨረሻ የለውም» አለች እትዬ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እሷም ‹ለካ› ላይ ስትደርስ ተነስታ ትሄድ ነበር።»

ሐኪሟ ምርመራውን ሲጨርሱ ስሙን ነገሯት። «ኤዲኤችዲ ይባላል፤ ትኩረትን አንድ ቦታ ማዋል የሚያስቸግር ነገር ነው። ስንፍናም ግዴለሽነትም አይደለም። ከተፈጠርሽ ጀምሮ አንጎልሽ የሚሠራበት መንገድ ነው። መድኃኒቱ ያግዝሻል፤ እየተከታተልን እንመጥነዋለን። መድኃኒት ግን የነገርሽኝን መስኮት አይዘጋም፣ ጠረጴዛም አያዞርም። መሥሪያ ቤትሽን ማነጋገር ያንቺ ፈንታ ነው።»

ደረጃውን ስትወርድ በመነጽር ቤቱ መስታወት ውስጥ ራሷን አየች። ዝርክርክ፣ ዝንጉ፣ ቀልበ ቢስ፤ ስንቱን ስም ተሸክማ ነበር የወጣችው! አሁን አንድ ስም ይዛ ወረደች። ሰው እንዲህ ሲሆን ነው ግጥም የሚመጣበት፦

ስም የሌለው ሸክም ትከሻ ያጎብጣል፣
ስሙ ከታወቀ እጀታ ያወጣል።

ሰኞ ጠዋት ጋሼን ቢሮው ገብታ ለማነጋገር ነበር ሐሳቧ። ግን እስከ ቢሮው የሚያደርስ ትዕግሥት ከየት ይምጣ? በሩ ላይ በሁሉም ፊት ጀመረችው።

«ጋሼ፣ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። ኤዲኤችዲ አለብሽ ብለውኛል። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬ ግን…»

«ትከሻሽ ላይ» አለ ጥርስ አለስላሹ፣ ከጎኗ የሚቀመጠው ሽማግሌ፣ ከሞረዱ ቀና ሳይል።

ጋሼ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «እና ምን ይደረግልሽ? ሥራ ይቀነስልኝ ነው?»

«አይቀነስልኝ» አለች ቀጥ ብላ። ድምጿ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ተወው። «ወንበሬ ይዙርልኝ። ፊቴን ወደ ባዶው ግድግዳ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሳጥን ብቻ ይቀመጥ፣ ስጨርሰው ሌላው ይምጣ። በመስኮቱ አይጮህብኝ። አስቸኳይ ሲሆን ቀይ ክዳን ያለው ሳጥን መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ላይና ታቹን አንድ ሰው አብሮኝ ይይልኝ።» ይኼን ሁሉ ስትናገር አንድም ሳታስቀር ጨረሰችው፤ ሁሉንም ከሥራው ቀና ያደረገው ይኼው ነው።

«ለአንቺ ብዬ ወርክሾፑን ላገላብጠው?» አለ ጋሼ። «ነገ ሁሉም የኔንም አዙሩልኝ ቢለኝስ?»

«እኔማ ከአሁኑ ብያለሁ» አለ አለስላሹ። «ያቺ መስኮት በጮኸች ቁጥር ሞረዱ ጣቴን እየበላኝ ነው።»

«የኔስ ጉሮሮ?» አለች ተቀባይዋ በመስኮቷ ብቅ ብላ። «ሳልጮህ የምውልበት ቀን ካለ እኔም ቀዩን ክዳን ራሴ እገዛለሁ!»

ጋሼ አገጩን አሻሸ። «የዲሬክተሩን ጥርስ አንቺው እንደገና ትሠሪዋለሽ። ወንበሩን አዙሪ። እሳቸው ነክሰው ካልወደዱት ግን…»

«ካልወደዱት ወንበሩን እኔው ራሴ አስረክባለሁ» አለችና ወንበሯን አንስታ አዞረች።

ግድግዳው ነጭ ነው፤ አንዲት ሚስማር ብቻ አለችበት። መጀመሪያ ጸጥታው ራሱ ረበሻት። ሚስማሯን አየቻት፣ ስለሚስማሯ አሰበች፣ ተነሳች፣ ዞር ዞር አለች። ስትመለስ የሚጠብቃት አንድ ሳጥን ብቻ ነው። ሌላ የምትሄድበት ስላልነበረ ወደ እሱ ተመለሰች። ዲሬክተሩ የጉልምስና ዘመን ፎቶግራፋቸውን ይዘውላት መጥተው ነበር፤ ሲስቁ ከፊት ሁለቱ ጥርሶች መሃል ክር የምታህል ክፍተት ነበረቻቸው። ያችን ክፍተት ሰሙ ላይ ስትመልሳት እጇ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ተከፈተ። ቀኑ መቼ እንደመሸ አላወቀችም፤ ይህ ግን መባዘን አልነበረም፣ መድረስ ነበር።

ተሠርቶ ሲያልቅ አለስላሹ ላይና ታቹን አገጣጥሞ አየ። «የአንድ ሰው ናቸው?»

«የአንድ ሰው ናቸው።»

«ተዋውቀዋል?»

«ሲሳሳሙ አታይም እንዴ?»

ዲሬክተሩ መጡ። ሐኪማቸው ጥርሱን እንደገጠመላቸው በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ነበር የመጡት። በመስታወት ፊት ቆመው ከንፈራቸውን ገለጡ፤ ክፍተቷን ሲያዩ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሷት። ከዚያ ከኮት ኪሳቸው ብስኩት አወጡና ቀጭ አደረጉት። ድምጹ በየጠረጴዛው ተሰማ።

«ይኼ የኔ ነው» አሉ። «እንዲያውም ሳቄን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ማነው የሠራው?»

ጋሼ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። ሄዶም የመብራቱን ክንድ በገዛ እጁ ወደ እሷ ጠረጴዛ አዞረው። በዚያች ደቂቃ ንግሥት መጥታ ‹ወንበርሽን በዙፋኔ ለውጪኝ› ብትላት እምቢ ትል ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ‹ሙሉ› እንበልሽ?» አላት አለስላሹ።

«ግማሽ ይሻለኛል። ለሙሉ ማን ቀልብ አለው?»

እሑድ ቀትር ላይ እትዬ ለምሳ መጣች። ባልየው ሾርባውን በየሳህኑ ቀዳ፣ ዳቦውን ቆረሰ፣ ከአሮጌው ሶፋ አጠገብ ያለውን ወንበር ሳበላት።

«ፊቱን ወደ ግድግዳ ላዙርልሽ?»

«አይ፣ ይኼኛው ወደ እናንተ ይሁን።»

ግን አልተቀመጠችም። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። የታጠበው ልብስ ውጭ ነው። ስልኳ የት ነው? እትዬ ማንኪያዋን ይዛ ታያታለች፤ ዓይኗ ሌላ ሴት፣ ሌላ ጓዳ፣ የቀዘቀዘ ሌላ ሳህን እያየ ነበር። ጥርስ ሠሪዋ ያችን አስተያየት አየቻት። ቧንቧውን ጠበቅ አድርጋ ዘጋችና፣ እየተመለሰች ሳይታወቃት ማንጎራጎር ጀመረች።

«ነጋ ብዬ ወጣሁ፣ ደጄን ሳልዘጋ፣
ጨረቃ ናት ለካ…»

የእትዬ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

«…ልቀመጥ እስኪነጋ።»

«ይኼ የእማዬ ነው?» አለች እትዬ በሹክሹክታ።

«አይ እትዬ። ይኼኛው የኔ ነው» አለችና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ቁጭ አለች። ሾርባው ገና ይጨስ ነበር።