ጭማሪው ሙሉ አልነበረም

ሚዛን ብለው ቅጽል ስም ያወጡለት ያለ ነገር አይደለም። ልጅ ሆኖ ዳቦ ሲያካፍል ቁራሾቹን ጎን ለጎን አቁሞ ያስተያይ እንደነበር እናቱ ነግራኛለች፤ ጎረቤቴ ናት። ሲያድግም እኔ ሻይ በማፈላበት ቁማር ቤት ካርድ አዳይ ሆነ። ጭቅጭቅ ሲነሳ ተጫዋቾቹ ከባለቤቱ ይልቅ እሱን ይጠይቁ ነበር፤ ሚዛን የሰው ፊት አይቶ አይፈርድም።

ወንድሙ ሹፌር ነበር። እናታቸው የምትኖረው ሁለቱ ተጋግዘው በገዟት ታክሲ ገቢ ነው። ሊብሬው በሹፌሩ ስም ነበርና፣ አንድ እሁድ ከሰዓት የታክሲዋን ቁልፍ ለቁማር ቤቱ ባለቤት አስይዞ በምትኩ እንደ ገንዘብ የሚያገለግል ቺፕ ተቀብሎ ፖከር ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ማንም ምንም አላለውም። ሚዛንም ጉዳዩን የሰማው ካርዱን ማደል ከጀመረ በኋላ ነው።

አብረውት የተቀመጡት አንድ ሥጋ ሻጭና አንድ ፋርማሲስት ነበሩ። ሹፌሩ መቶ ብር ተወራረደ። ሥጋ ሻጩ መቶውን ሞላ። ፋርማሲስቱ የቀረው መቶ አርባ ብቻ ስለነበር ያለውን ሁሉ አስገባ። ሹፌሩ ጥሩ ካርድ ይዟል፤ ሥጋ ሻጩን አስፈራርቶ ለማስወጣት ቺፑን በሙሉ ሊገፋ ሲል ሚዛን እጁን ዘርግቶ አስቆመው። በቤቱ ሕግ የፋርማሲስቱ ጭማሪ እንደ መጀመሪያው ውርርድ መቶ መሆን ነበረበት። አርባ ብቻ ከሆነ፣ ቀድሞ የተወራረደ ሰው ወይ አርባዋን ይሞላል ወይ ካርዱን ይጥላል እንጂ መልሶ መጨመር አይችልም።

“ወንድምህ ነኝ እኮ” አለው ሹፌሩ ቀስ ብሎ።

“ጭማሪው ሙሉ አይደለም። አርባህን ሙላ።”

ሞላ። ሥጋ ሻጩም ሞላ፤ ሹፌሩ ቢገፋበት ኖሮ ካርዱን ጥሎ ሊወጣ እንደነበር በኋላ እየሳቀ አውርቷል። ቀጣዩ ካርድ ሲገለጥ ለሥጋ ሻጩ ገጠመለት። ሹፌሩ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ የቀረውን በሙሉ ገፋ፣ ተበላም። ሚዛን የወንድሙን ቺፕ በገዛ እጁ ሰብስቦ ለሥጋ ሻጩ አስጠጋለት። ብርጭቆ ይዤ ቆሜ አየሁት፤ አንዲት ቺፕ እንኳ ከእጁ አላመለጠችም። ያን ቀን ጠላሁት።

ታክሲዋ ተሸጠች። ሹፌሩ ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆነ፤ ወንድሙ ባለበት ቤት ድርሽ አይልም። ሰፈሩ ውሻ በበላበት ይጮኻል እያለ ሚዛንን አማው። እናትየው ግን በሯን አልዘጋችበትም። “ሕግ ነው እማዬ፣ ምን ላድርግ?” ብሏት ነበርና በዚያች ቃል ተጽናናች። ለሚያማውም ሁሉ፣ ሕግ ሆኖበት እንጂ ልጄ በወንድሙ አይጨክንም ትላለች።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱ ጨዋታው ቀዝቅዟል ብሎ ሰበሰበን። ከእንግዲህ ጭማሪ ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ ቀድሞ የተወራረደው ሁሉ እንደገና መጨመር ይችላል አለ። ሻዩን እንኳ ሳያስቀምጥ ነው የተናገረው።

ሚዛን ወደ ማድ ቤት ተከትሎኝ ገባና ዱካዋ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት፤ አልነካውም።

“ሕጉ እንዲህ በአንድ ቃል እንደሚለወጥ እማዬ እንዳትሰማ” አለኝ።

ከዚያ ተጠራና ካርዱን ሊያድል ሄደ።